ስምንተኛዋ ሴት

ዋላሂ፣ ከዚህ ውስጥ አንድም ቃል አልፈጠርኩም።

ብፈጥር ኖሮ የገዛ እህቴን አላስገባበትም ነበር።

ነገ የኢዲል ሰርግ ነው። ታናሽ እህቴ ናት፤ ከቤቱ ሰው ሁሉ አብልጬ የምወዳት እሷን ነው። ግቢው በእልልታ ቀልጧል። እኔ ግን ከሐሙስ ጀምሮ ምግብ አልወርድ ብሎኛል። ለእናቴ እንዳልነግራት ልቧ ቀጥ ይላል። ለእናንተ ልንገር እንጂ ለማን ልንገር?

ሐሙስ ዕለት ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ፣ እኛው ቤት።

አዎ፣ በቀን። በጠራራ ፀሐይ።

ድሬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በዚያ ሰዓት ከተማው ጭር ይላል። ሱቁ ዝግ ነው። ግማሹ ሰው ተኝቷል፣ ግማሹ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው። መንገድ ላይ ፍየል እንኳ አታገኙም።

ሂሻም እባላለሁ። የእኔ ሱስ ድምፅ ነው። ሰው ለጫት የሚጨነቀውን ያህል እኔ ለጆሮ ማዳመጫ እጨነቃለሁ።

ጓደኛዬ ወርሳሜ መድረክ ላይ የዘፋኞችን ድምፅ የሚያስተካክል ልጅ ነው። ያን ቀን ጠዋት አንድ ማዳመጫ አዋሰኝ። ዘፋኞቹ እየዘፈኑ ጆሯቸው ውስጥ የሚሰኩት ዓይነት፣ ውድ ዕቃ። ሽቦው ከጆሮ ኋላ ይዞራል። ለስላሳው ጫፍ ጥልቅ ይልና ቀዳዳውን ድፍን ያደርገዋል።

ከዚያ በኋላ የውጭው ዓለም የለም።

«ተጠንቀቅ አቦ» አለኝ ወርሳሜ። «ይሄን ሰክተህ ቤት ቢቃጠል አትሰማም።»

ኢዲል በዚያ ሰዓት ጓዳ ክፍሏ ውስጥ ነበረች። ፋርሒያ የምትባለው ሂና ቀቢ ከጣቷ እስከ ክርኗ ቀብታት ሄዳለች። ሂናው ገና እርጥብ ነው። እጇን ዘርግታ ከመቀመጥ በቀር ምንም መንካት አትችልም። ውሃ እንኳ ያጠጣኋት እኔ ነኝ።

ሆዮ፣ እናቴ ማለት ነው፣ ከአክስቴ ጋር የሙሽራው ቤተሰብ ጋ ደርሳ ልትመለስ ተነሳች። ከመውጣቷ በፊት ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«ከበሩ እንዳትነቃነቅ። ሂና ላይ ያለች ሙሽራ ብቻዋን አትተውም። ሌላ ይመጣባታል።»

«ሌላ ማን?»

«ስሙ አይጠራም! ዝም ብለህ ቁጭ በል። ስትጠራህ ስማት።»

ሰሌን አንጥፌ በሯ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መጋረጃ ብቻ ነው ያለው።

አስር ደቂቃ ታገስኩ።

ከዚያ... «እዚሁ አይደለሁ እንዴ? የት ትሄድብኛለች?» አልኩና ሰካሁት።

አላህ ይቅር ይበለኝ።

መጀመሪያ አንድ የሶማሊኛ ዘፈን ከፈትኩ። ሱብሃነላህ! ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ደረቴ ላይ ነው ያረፈው። ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት ምራቁን ሲውጥ ይሰማል። በዑዱ ክር ላይ ጣት ሲንሸራተት ይሰማል። ስንት ዓመት የሰማሁትን ዘፈን ለካ ሰምቼው አላውቅም! ብቻዬን እንደ ጅል ሳቅሁ።

ቀጥዬ ረቡዕ ዕለት የቀዳሁትን ከፈትኩ። ሴቶቹ ኢዲልን ከበው ሲዘፍኑላት በስልኬ ቀድቼው ነበር።

ዓይኔን ጨፈንኩ። እያንዳንዷ የት እንደተቀመጠች በጆሮዬ አየኋት። አክስቴ በግራ። ፋርሒያ በቀኝ። ድቤ የምትመታው መሀል ላይ። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው።

ስምንት።

ሰባት ነበሩ እኮ! ሻዩን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ሰባት ብርጭቆ።

መለስኩና እንደገና ቆጠርኩ።

ስምንት...

ስምንተኛዋ አትዘፍንም። ትተነፍሳለች። ከሌሎቹ ሁሉ ኋላ፣ ግድግዳው ጥግ ላይ፣ በረጅሙ... ቀስ ብላ...

ክፍሉ የሚያቃጥል ነው። ላቤ ግን ቀዘቀዘብኝ።

ዘፈኑ መሀል ላይ ትንፋሹ ቦታውን ለቀቀ። በሴቶቹ መሀል አልፎ መጣ። ተጠጋ። ከዚያ ሹክሹክታ ሆነ።

«ኢዲል...»

«አቤት።» የእህቴ ድምፅ ነው።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ወንድሜ በር ላይ አለ።»

«ይሰማሻል?»

ድቤው ይመታል...

«አይ። ጆሮውን ደፍኗል።»

ልብ በሉ! ይህ የተቀዳው ረቡዕ ነው። ረቡዕ ማዳመጫው እጄ አልገባም። በር ላይም አልነበርኩም።

«እንግዲያው በሩን ልዝጋው?»

ቀጭ።

ማዳመጫውን ከነሽቦው ነቅዬ ወረወርኩት። ቤቱ ፀጥ ብሏል። ዞርኩ።

በሩ ተዘግቷል።

ገፋሁት። ከውስጥ ተቀርቅሯል። እጇ ክርኗ ድረስ እርጥብ ሂና ነው፤ በምኗ ትቀረቅረዋለች?

«ኢዲል! ኢዲል ክፈቺ!»

በሩን በመዳፌ ደበደብኩት።

«አዑዙ ቢላሂ... ኢዲል!» በትከሻዬ ልሰብረው ወደ ኋላ ስል መቀርቀሪያው ተንሸራተተ።

ወጣች። ሁለት እጇን ወደ ላይ ይዛ። ከሂናው ላይ አንዲት መስመር እንኳ አልተበላሸችም።

«ማን ዘጋው?» አልኳት።

«ነፋስ ነዋ።»

«ነፋስ ይቀረቅራል እንዴ?»

ሳቀች። «አይዞህ ሂሻም» አለችኝ በለሆሳስ።

ሂሻም? ኢዲል ነፍስ ካወቀች ጀምሮ «ደንቆሮው» እንጂ ሌላ ብላኝ አታውቅም። የእኔን ስም ከአፏ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሆዮና አክስቴ ወዲያው ደረሱ። «ማሻአላህ! እንዴት አምሮባታል!» ብለው ግቢውን በእልልታ አናወጡት። እጇ እስኪደርቅ ብለው መሀላቸው አስቀመጧት። ሆዮ ሳምቡሳ እየቆረሰች ታጎርሳት ጀመር።

ፀሐዩ ነው፣ አናቴን መትቶኝ ነው አልኩ። ላረጋግጥ ብዬ ማዳመጫውን ከወደቀበት አንስቼ በአንድ ጆሮዬ ብቻ ሰካሁት። ቅጂውን ካቆምኩበት አስጀመርኩ።

ሴቶቹ ይዘፍናሉ። ትንፋሹ የለም። ቆጠርኩ፤ ሰባት። አልሐምዱሊላህ ልል አፌን ስከፍት...

ከሩቅ፣ ከሁሉም ኋላ፣ አንዲት ልጅ ታለቅሳለች።

«ደንቆሮው... በሩን ክፈትልኝ... አታየኝም? እዚህ ነኝ...»

የኢዲል ድምፅ ነው። የእኔዋ የኢዲል።

ቀና አልኩ።

ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ማኘኳን አቁማ እኔን እኔን ታያለች። ፈገግ ብላለች። ማዳመጫው ከእኔ ጆሮ በቀር ለማንም አይሰማም።

«ደንቆሮው... በሩን ክፈትልኝ...»

ከንፈሯ ያለ ድምፅ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ቃል በቃል።

ሆዮ ምንም አላየችም። «ብዪ ልጄ፣ ብዪ» እያለች ሌላ ጉርሻ ወደዚያ አፍ አስጠጋች።