ደንገጎን ሳያይ የሚሻገር ሰው

ፋራህን ከመውደዴ በፊት ጠርጥሬዋለሁ፤ ከወደድኩት በኋላም መጠርጠሬን አልተውኩም። እናቴ ናፊሳ ያሳደገችኝ «ጠርጥር፤ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» እያለች ነው። ፊዚክስ አስተማሪ ስሆን ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ።

የተገናኘነው ድሬ፣ ከፊራ ገበያ፣ ሙሸበክ ሻጯ ፊት ነው። ገና አንዷን ስኳር የጠገበች ሙሸበክ ስቆርስ ከኋላዬ አንድ ወጣት «መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ መሐሉን ለመጨረሻ» አለ።

በእርግጥም እንደዚያ ነው የምበላው። ዞር ስል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በሙሸበክ የሚያለቅስ ወንድ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

«እንተዋወቃለን እንዴ?»

«ወላሂ፣ እኔም እሱን ልጠይቅሽ ነበር» አለኝ።

ከዚራ ሰፈር ውስጥ ቴሌቪዥንና ስልክ ይጠግናል። ከትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ፤ በከዚራ ዛፎች ሥር ቀስ እያልን እንሄዳለን። ሳቁ ደስ ይላል። አስተያየቱ ግን ያስፈራኛል፤ አፍጥጦ ያየኝና እንዳልጠፋ የሚፈራ ይመስላል።

ከዚያ ደግሞ የሚያውቃቸው ነገሮች! ርግብ እንደምፈራ ያውቃል። ገመድ ስዘል የማንጎራጉረውን ያውቃል።

«አቦ፣ ማን ነገረህ?»

«አንቺ።»

«መቼ?»

ወሬውን ወደ ሌላ ያዞራል።

ቆይቶ አንድ ነገር ገባኝ። የሚያውቀው ሁሉ የሕፃንነቴን ብቻ ነው። መነጽር ማድረጌ አስገርሞታል። አስተማሪ መሆኔን ስነግረው በደስታ ጮኸ። ካደግሁ በኋላ ስላለው ነገር ሁሉ እንደ እንግዳ ይጠይቀኛል።

ሽማግሌ እልካለሁ ሲለኝ ለእናቴ ነገርኳት። ድሬ ውስጥ ማንም ሰው በሩን ለሚያንኳኳ እንግዳ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ እሷም እሱኑ ጠየቀችኝ።

«የማን ልጅ ነው?»

«የመጋላዋ ማርያን ልጅ ነኝ ብሎኛል።»

እናቴ የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የማርያንን ልጅ እኮ ደቻቱ ወስዶታል! አሸዋው ላይ ከአንቺ ጋር ሲጫወት ጎርፉ መጣ። አንቺን ሰው ደረሰልሽ፤ እሱን ውሃው ቀደመን። ሕፃን ስለነበርሽ ረስተሽዋል፤ እንዳትሳቀቂ ብለን ስሙን አንስተንልሽ አናውቅም። ፋራህ ነበር ስሙ።»

«ታዲያ ይሄ ማን ነው?» አልኳት።

«ይሄ የሞተ ልጅ ስም ለብሶ የዚያችን ብቸኛ ሴት ቤት ሊወርስ የመጣ ሌባ ነው። ነገ ወንድምሽ ሚክዳድ ፖሊስ ጣቢያ ይወስደዋል።»

በማግሥቱ ድሬ ከቀትር እንቅልፏ ስትነቃ ደቻቱ ዳር ጠራሁት። ወንዙ እንደወትሮው ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ በእግሩ ይሻገርበታል። ከላያችን ያለው ሰማይ አንድም ደመና የለበትም።

«ማን ነህ?»

«ፋራህ።»

«ፋራህ ሞቷል።»

«እዚህ ሞቷል» አለ በለሆሳስ። «እኛ ጋ የሞትሽው አንቺ ነሽ።»

ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸሁ።

«ለተማሪዎችሽ ታስተምሪያለሽ አይደል? ኤሌክትሮን ሁለት ቀዳዳ ሲያገኝ በሁለቱም ያልፋል። ያ ቀንም እንደዚያ ነው ሙኒያ። በአንዱ ድሬ አንቺን አወጡሽ፤ በሌላው ድሬ እኔን። ዕድሜዬን በሙሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያንን ቀዳዳ ስፈልግ ኖርኩ። አገኘሁትና ገባሁ። መመለሻ የለውም።»

«የማስተምረውን መልሰህ ለእኔ ትሸጣለህ? ያ ኤሌክትሮን ነው! ሰው አይደለም!»

«ቤቱን ፈልጌ ቢሆን መጀመሪያ የማርያንን በር አላንኳኳም ነበር? እኛ ጋ እናቴ በሕይወት የለችም። እዚህ ደጇ ድረስ ሄጄ ስንቴ እንደተመለስኩ አላህ ያውቃል። አይታኝ ብትደነግጥስ?»

ላምነው ምንም አልቀረኝም ነበር። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

«ሂድ!» አልኩት። «ሚክዳድ ሳይመጣ ሂድ።»

አንገቱን ደፍቶ ወደ ወንዙ የሚያወርደውን ደረጃ ወረደ፤ በአሸዋው ላይ መሻገር ጀመረ። ያኔ ነው ያየሁት።

የድሬ ሰው አሸዋው ላይ እግሩን ከማሳረፉ በፊት ዞሮ የደንገጎን ተራራ ያያል። ሰካራም ያያል፣ ሙሽራ ታያለች፣ ሌባም ያያል። እኛ ላይ ፀሐይ ቢሆንም ደንገጎ ከጠቆረ ጎርፉ ይመጣልና አይሻገርም። ፋራህ ግን ቀና እንኳ አላለም። በእሱ ፈንታ እኔ አየሁለት፤ ደንገጎ ጠቁሯል።

«ፋራህ! ውጣ! ተመለስ!»

ዞረ። የታረቅኩት መስሎት ፈገግ ብሎ ቀስ እያለ ይመጣል። ከላይ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ፤ መኪና የሚፈልግ ይመስል ወደ አስፋልቱ ተመለከተ። ወርጄ ሮጥኩ፤ እጁን ይዤ ጎተትኩት። ደረጃው ላይ ስንደርስ ውሃው እስከ ጉልበታችን መትቶን አንድ ጫማዬን ይዞ ሄደ።

ከላይ ቆመን የደፈረሰውን ጎርፍ አየን።

«ሙኒያ… እዚህ አሁንም ውሃ ይመጣል?»

ይህን የድሬ ሰው አይጠይቅም። ሊያታልል የመጣም ሰው ቢሆን ስለ ጎርፍ አውርቶ ሲያበቃ ጎርፍ መውረጃ ውስጥ ተዝናንቶ አይገባም።

«እናንተ ጋ አይመጣም?»

«አንቺ ከሞትሽ በኋላ ከላይ ገደቡት። አሸዋው ላይ ዛፍ ተከሉ። እኔ የማውቀው ደቻቱ መናፈሻ ነው። አንዱ ዛፍ በስምሽ ይጠራል፤ እሱ ሥር ነው ያደግሁት።»

አለቀስኩ። ግን እኔ እኔ ነኝና አንድ ጥርጣሬ ቀርቶኝ ነበር።

«የምትወደው ያቺን የሞተችውን ልጅ ነው ወይስ እኔን?»

«ያቺን ናፍቄ መጣሁ» አለ እጄን ሳይለቅ። «ያቺ መነጽር የላትም፣ አትጨቀጭቅም፣ ሰው አትጠረጥርም። እኔ የወደድኩት ይህችን ጠርጣሪዋን ነው።»

ሚክዳድ እያለከለከ ደረሰ።

«ሌባው ይሄ ነው?»

«ሌባ አይደለም» አልኩት። «የማርያን ልጅ ነው። ወደ ቤቱ እየወሰድኩት ነው።»

ወንድሜ አፉን እንደከፈተ ትተነው በድልድዩ ተሻገርን። ፋራህ ድልድዩ ላይ ቆም አለና አንገቱን አዙሮ ደንገጎን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

የማርያንን በር ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ከፈተች። ፊቱን አየች፤ ከዚያ የራሰውን ሱሪውን፣ ጭቃ የለበሰ እግሩን። የማን ልጅ ነህ ብላ አልጠየቀችውም።

«ምነው ቆየህ?» አለችው። «ረጥበሃል፤ ግባ።»