ደህና ነው

ከሻላ ሐይቅ ሥር በተሠራችው ከተማ ሰው ራሱን ሲያታልል አንገትጌው ይጮኻል። አንገትጌው ላይ የተሰፋችው አተር የምታክል መሣሪያ «ልብ-ሰሚ» ትባላለች። ሌላውን ብትዋሽ ግድ የላትም፤ የምትጮኸው ለራስህ ስትዋሽ ነው። መቶ ሜትር ውሃ አናቱ ላይ ተሸክሞ ራሱን የሚያሞኝ ሰው አገር ያሰምጣላ!

ወይንሸት የልብ-ሰሚ ጠጋኝ ናት። አንድ ጠዋት ልጇን ሕፃናት ማቆያ አድርሳ ስትመለስ፣ ሐይቁን በሚያግደው ሦስተኛው ግድግዳ ሥር ጫማዋ ራሰ። ማቆያው ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ነው። እየሮጠች የግድግዳዎቹ ተቆጣጣሪ አቶ ደምመላሽ ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ ሦስተኛው ግድግዳ ውሃ ያስገባል!»

«ደህና ነው እህቴ።»

አንገትጌያቸው ዝም አለ።

«ስንጥቅ አለው ወይስ የለውም? እሱን ይንገሩኝ።»

«አልኩሽ እኮ፣ ደህና ነው!»

አሁንም ዝም። ወይንሸት የቁጥጥር መዝገቡን ገለጠች። የአራት ዓመት ሪፖርት በሙሉ «ደህና ነው» ይላል፤ አንድም ቀን ልብ-ሰሚ ጮኸ የሚል አልተጻፈበትም። የራሷ ሥራ ትዝ አላት።

ከአራት ዓመት በፊት እናቷ የሞተች ጊዜ ለቀስተኛው «እንዴት ነሽ?» ሲላት «ደህና» አለች፤ መሣሪያዋ ድንኳኑ መሀል ጮኸባት። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ሌላ ምን ይበል? በማግስቱ የከተማውን ልብ-ሰሚ ሁሉ ለዚያች ቃል ደንቆሮ አደረገችው። «ለሰላምታ ብቻ ነው፣ ማንንም አይጎዳም» ስትል የራሷ ጮኸ። ተበላሽቶ ነው ብላ ባትሪ ቀየረች።

አሁን በኪሷ በያዘችው መቆጣጠሪያ የልብ-ሰሚዎቹን ማዕከል ከፍታ ያቺን ቃል እንደገና እንዲሰሙ አደረገች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይድገሙልኝ።»

«ደህና ነ...»

አንገትጌያቸው እሪ አለ። አቶ ደምመላሽ ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። «አውቅ ነበር እንዴ?» አሉ፣ እሷን ሳይሆን ራሳቸውን።

ሕፃናቱ በሩጫ ወጡ። ማቆያውን ከከተማው የሚለየው የብረት መዝጊያ በወረደ በሩብ ሰዓት ውስጥ ማቆያው በውሃ ተሞላ። ወይንሸት ልጇን አቅፋ መንገድ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ከተማው ግን የቻለው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሰው ጎረቤቱን ሰላም ባለ ቁጥር ሰፈሩ በጩኸት ይናጣል፤ ባልና ሚስት ጠዋት ጠዋት መተያየት ፈሩ። በአራተኛው ቀን «ደህናችንን መልሱልን» የሚል አቤቱታ መጣላት። መጀመሪያ የፈረሙት አቶ ደምመላሽ ናቸው።

«ምንም ቢመጣ ያቺን ቃል ሁለተኛ አልነካትም» አለች ወይንሸት።

አንገትጌዋ ጮኸ።

ባትሪው ደክሞ ይሆናል ብላ የመሣሪያ ሣጥኗን ከፈተች።