ሁለተኛው ጭረት

ሃራልድ ስተነሩድ የሞቱት አራት ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ጉድጓዱ መሰላል አልነበረውም። መርማሪ ዶሪን ዋኮቪያክ በሩ ላይ ቆማ ቁልቁል ስታይ መጀመሪያ ያሰበችው ይህንኑ ነው።

ቦታው የአንድ ስካውት ካምፕ አሮጌ የበረዶ ቤት ነው። ድሮ በክረምት ከሐይቁ እየተቆረጠ የሚመጣው በረዶ በሰጋቱራ ተሸፍኖ በዚህ ጉድጓድ ይከርም ነበር። አሁን ድንችና ፖም ይቀመጥበታል። ሰጋቱራው ግን እስከ ዛሬ አለ፤ እርጥብና ጥቁር ቡናማ ነው።

ሐኪሙ ተጎትቶ በመጣ ሌላ መሰላል ወደ ላይ ወጣና ጉልበቱን አራገፈ።

«ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ጭንቅላታቸውም ተመትቷል። ግን ወዲያው አልሞቱም። ያረፉት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይመስለኛል። ትንሽ ቀደም ብሎ የደረሰላቸው ሰው ቢኖር ምናልባት ይተርፉ ነበር።»

የተገኙት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ያገኘቻቸው ድንች ልታወጣ የመጣችው ወጥ ቤቷ ቤቭ ናት።

ዶሪን ወርዳ አየች። ሽማግሌው ሦስት የፖም ሳጥኖች ደርድረው ለመውጣት ሞክረዋል፤ ሳጥኖቹ ተገልብጠዋል። የጣቶቻቸው አንጓ ተልጧል። ኪሳቸው ውስጥ አራት ፖም ነበር። ባርኔጣቸው ግድግዳው ላይ ባለ ሚስማር ተሰቅሏል።

«ተወርውረው ይሆን?» አለ ሐኪሙ ከላይ።

«የተወረወረ ሰው ባርኔጣውን ሚስማር ላይ አይሰቅልም። በመሰላል ነው የወረዱት። ከዚያ መሰላሉን የወሰደ ሰው አለ።»

*

ሌሎቹ ስካውቶች ከጧት ጀምሮ ከሐይቁ ማዶ መንገድ ሲጠርጉ ውለዋል። ካምፑ ውስጥ የዋሉት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁሉም በምግብ አዳራሹ ተቀምጠው ጠበቋት። ሟቹ የካምፑ ዋና አማካሪ ነበሩ፤ መጀመሪያ የተናገሩት ምክትላቸው ላይል ፕሩዊት ናቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሰፊ ነጭ ሪባን ከትከሻ እስከ ወገባቸው ወርዶባቸዋል።

«ይህ የጥድ ወንድማማቾች ማኅበር ነው፣ መርማሪ። እጩዎቹን የሚመርጧቸው የየቡድናቸው ጓደኞቻቸው ናቸው። ዛሬ የዝምታ ቀናቸው ነው። አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ጥቂት ብቻ ቀምሰው፣ ለካምፑ ሲሠሩ ይውላሉ። ነገ ሪባኑን ይቀበላሉ።»

«ከተናገሩስ?»

«አንገታቸው ላይ የጥድ እንጨት አለች። በተናገሩ ቁጥር አንድ ጭረት ይቆረጥባታል። ሦስት ከሞላ ወደ ቤት።»

«ቆራጩ ማነው?»

«ልጆቹ ራሳቸው፤ ዝምታውን የሚፈታውም ከእነሱ የሆነው አለቃቸው ነው። የወጣት ማኅበር እኮ ነው። እኛ እንመክራለን እንጂ አንመራም።»

ቤቭ ከምድጃው አጠገብ ሆና ሳቅ ያልሆነ ድምፅ አወጣች። «ምክሩንማ ትናንት ሰምተናል! ሁለት ሽበታም ሰዎች ስለ ጭረት እንደ ዶሮ ሲናቆሩ።»

«ቤቭ፣ እባክሽ።»

«ምን እባክሽ አለው? ሃራልድ ‹ልጅ ተናገረ ብሎ መቅጣት ያሳፍራል፤ ከዘንድሮ በኋላ ይቅር› አለ። አንተ ‹ሬሳዬን ተራምደህ ካልሆነ አይቀርም› አልከው። እኔ አልፈጠርኩት።»

ፕሩዊት ፊታቸው ቀላ። «አነጋገር ነው። ጓደኛዬ ነበር።»

«ሬሳው የእሱ ሆነ» አለች ቤቭ፤ ወዲያው ግን አፏን በሽርጧ ሸፈነች።

ዶሪን አልፈረደችም። «ዛሬ ምን ያልተለመደ ነገር አየሽ፣ ቤቭ?»

«ምን አያለሁ? ቀኑን ሙሉ ጣራ ላይ ኳ ኳ ሲሉ ዋሉ፤ ጆሮዬ ደነቆረ። ያ ደግሞ» ብላ ቀጭኑን ልጅ በማንኪያ አመለከተች፣ «ምሳ ላይ በሹካዎቼ ይጫወታል። ሁለት ረጃጅም ማንኪያ ጎን ለጎን አጋድሞ ሹካዎቹን በመሃል ይደረድራል። እጁን መታ አድርጌ ሰበሰብኩት። ፕሩዊትማ ‹ኦውን ወሬ አፍኖት ሊፈነዳ ነው› እያለ ሳቀ። ሌላ… አዎ፣ ምድጃዬ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳቦ ስከት ጥድ ጥድ ሸተተኝ። ጥድ ማን ይጨምራል? ዳቦው እንደ ቁም ሳጥን ሸተተ።»

«ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን እርግጠኛ ነሽ?»

«ዳቦ እኮ ነው የምጋግረው፣ የኔ እመቤት። ሰዓት ካላየሁ ምኑን ጋገርኩት።»

*

የወጣቶቹ አለቃ ጋሬት ሆልም አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ፀጉሩ የተበጠረ፣ ንግግሩ የተለካ፣ በሁሉም የተወደደ ልጅ ነው። ሪባኑን አጥፎ በክንዱ ይዟል።

«እኔ፣ ኦውንና ዴዝመንድ የአዳራሹን ጣራ ስንጠግን ነበር፣ እትዬ። የትም አልሄድንም።»

«መሰላሉን ከየት አመጣችሁት?»

«ከእቃ ቤት።»

«የበረዶው ቤት አካባቢ አልደረስክም?»

«በፍጹም።»

ዶሪን ወደ ውጭ ወጥታ ጣራው ላይ የተደገፈውን መሰላል አየች፤ እግሩን በጣቷ ፈተገች። ተመልሳ በሁለቱ እጩዎች ፊት ተቀመጠች። ዴዝመንድ ኮልስ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጠረጴዛውን እያየ ቀረ። ኦውን ታኬት አሥራ አራት ነው፤ ዓይኑ አብጧል።

«ሚስተር ስተነሩድን ዛሬ አይተሃቸዋል፣ ኦውን?»

ልጁ አፉን ከፈተ፤ ጋሬትን አየ፤ ዘጋ።

«ደንግጠዋል» አለ ጋሬት ቶሎ ብሎ። «ወላጆቻቸው እስኪመጡ ባይጨነቁ ጥሩ ነው።»

«ልክ ነህ» አለች ዶሪን። «እንጨቶቻችሁን ብቻ አሳዩኝ።»

የዴዝመንድ ቀላ ያለች ናት፤ ጭረት የላትም። አሸተተቻት፤ ጥድ ናት። የኦውን ነጭ ናት፤ አንድ ጭረት አላት። አሸተተቻት፤ ምንም አትሸትም። መልሳ አንገቱ ላይ አደረገችለት።

ፕሩዊት ወደ ጥግ ወሰዷት። «መናገር አልፈልግም ነበር። ኦውን ሁለት ዓመት ሳይመረጥ ቀርቷል፤ ጓደኞቹን ‹መጀመሪያ አፉን ይግዛ› ብሎ የመከራቸው ሃራልድ ነው። መሰላሉን ለቀልድ ወስዶት ቢሆንስ? ልጅ ነው፤ ግን…»

«ይህን ለሌላ ሰው ተናግረዋል?»

ፕሩዊት አቀረቀሩ። «ከተማው ላሉት የቡድኑ መሪ ደውያለሁ።»

እንግዲህ ወሬው ከልጁ ቀድሞ አገሩ ሊደርስ ነው። በእነዚያ ትንንሽ ከተሞች እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከተለጠፈ እስከ መቃብር አይላቀቅም። ዶሪን ይህን ታውቃለች፤ እሷም ልጅ አላት። የካምፑን ስልክ አነሳችና ለኦውን እናት ደወለች።

«ልጄ ምን አደረገ?» አለች እናቲቱ።

ምን ሆነ አላለችም። ዶሪን ለሷ አፈረችላት፤ ቀጥሎ ለራሷ። እሷም ከትምህርት ቤት ሲደወል እንዲሁ ነው የምትለው።

«ደህና ነው፣ ወይዘሮ ታኬት። ተናጋሪ ልጅ ነው እንዴ?»

«አንድ ደቂቃ ዝም አይልም! ሲሄድ ‹በሕይወትህ አንድ ቀን ዝም ብለህ አኩራኝ› አልኩት። ነገ አያቱን ይዤ ሪባኑን ሲቀበል ላየው ነበር። ተባረረ?»

«ይምጡ» አለች ዶሪን። «ዛሬውኑ ይምጡ።»

*

ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ሳትጠልቅ አምስቱም በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበሩ። ዶሪን አራቱን ፖም መሃል ላይ አስቀመጠች።

«በእነዚህ እንጀምር። ሚስተር ስተነሩድ የወረዱት ለምንድን ነው?»

ፕሩዊት በቀስታ መለሱ። «ለእጩዎቹ በየዓመቱ ፖም ይሰጣቸዋል። በድብቅ። ልጆቹ ሲርባቸው ማየት አይችልም።»

«ስለዚህ ለእነዚህ ልጆች ብለው ወረዱ። ጆሯቸውስ?»

«ከባድ ነው። አጠገቡ ካልጮሁ አይሰማም።»

«መሰላሉ ሲወጣ ያልሰሙት ለዚህ ነው። ኋላ መሰላሉን ሲያጡ ግድግዳውን ደበደቡ፤ አንጓቸው ተልጧል። ቤቭ፣ ቀኑን ሙሉ ኳ ኳ ሰማሁ ብለሻል። ሁሉም ከጣራው ነበር?»

ቤቭ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«አሁን መሰላሉ። ከእቃ ቤት መጣ ተባልኩ። እግሩ ላይ ግን እርጥብ ሰጋቱራ ተጋግሯል፤ በካምፑ ውስጥ ሰጋቱራ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ያን የሚያህል መሰላል ደግሞ አንድ ሰው አይሸከመውም። ሁለት ተሸካሚ፣ አንድ አዛዥ።» ዶሪን ማንንም አላየችም። «እስካሁን ጥፋት የለም። ጨለማ ነው፤ ሽማግሌው ከሳጥኖቹ ጀርባ ናቸው። ሳያውቁ ወሰዱት ልንል እንችላለን።»

ሁለት ማንኪያ አንስታ ጎን ለጎን አጋደመች። ሹካዎቹን አንድ በአንድ በመሃላቸው ደረደረች። አራተኛውን ስታስቀምጥ ፕሩዊት «አምላኬ» አሉ።

«መሰላል። ኦውን ምሳ ላይ ሲጫወት አልነበረም። መናገር የተከለከለ ልጅ በሹካ ሊነግራችሁ ሞከረ። ሽማግሌው ሲወርዱ አይቷል። እናንተ ግን እጁን መታችሁ፤ ሳቃችሁ።»

ዶሪን ሹካዎቹን እንደተደረደሩ ትታ ቀጠለች።

«ግን ምሳ ድረስ ለምን ጠበቀ? ያን ጊዜውኑ ለምን አልተናገረም? ተናግሯል። ሚስተር ፕሩዊት፣ እንጨቶቹ ከምን ተቆረጡ?»

«ከአንድ የጥድ ቅርንጫፍ። ሃራልድ ራሱ ጧት ቆረጣቸው።»

«የኦውን እንጨት ጥድ አይደለችም፤ በርች የሚባለው ነጭ እንጨት ናት፣ ከማገዶው ክምር። ጧት ስንት ጭረት ነበረባት?»

«አንድ። ዴዝመንድ ሲያስነጥስ ‹ይማርህ› ብሎ። ቁርስ ላይ ስቀንበታል።»

«አሁንም አንድ አለ። ታዲያ ለምን ተቀየረች? ጥዷ ላይ ሁለተኛ ጭረት ስለነበረ ነው። ሁለተኛ ካለ ‹ምን ብሎ ነው?› ተብሎ ይጠየቃል። ያን መልስ ያልፈለገ ሰው ጥዷን ምድጃ ውስጥ ከተታት፤ ቤቭን ሸተታት። በዘጠኝ ሰዓት! ሬሳው የተገኘው አሥር ላይ ነው። ማንም ሞት ባልሰማበት ሰዓት አንድ ሰው መደበቅ ጀምሮ ነበር።»

ከዚያ ዞራ ጋሬትን አየችው።

«ሚስተር ፕሩዊት ሪባናቸውን ለብሰዋል፣ ጋሬት። አንተ ግን አጥፈህ ይዘኸዋል። ዘርጋው።»

ልጁ አልተንቀሳቀሰም። ፕሩዊት ተነሥተው ከክንዱ ወሰዱና ዘረጉት። ደረት የሚነካው ቦታ ላይ፣ የመዳፍ ስፋት ያህል፣ ቡናማ እርጥብ ሰጋቱራ ተለጥፎበታል።

«ጉድጓዱ አፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ ቁልቁል ያየ ሰው ብቻ እንዲህ ይቆሽሻል» አለች ዶሪን።

ጋሬት የተዘረጋውን ሪባን እያየ ተናገረ።

«ከምሳ በኋላ ገባኝ። ሹካው… ጣራ ላይ ወጥቼ ትዝ አለኝ። ሮጥኩ። ስምንት ተኩል ይሆናል። ወድቀው ነበር። ጠራኋቸው፤ እጃቸው ተንቀሳቀሰ። ስልኩ ጋ ልሄድ ነበር፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ‹መሰላሉን ማን ወሰደ?› ቢሉኝስ ብዬ… እኔ ጭረት ቆርጬበት… ሁሉም ሰው እኔን ነው ምሳሌ የሚያደርገው። ትንሽ ላስብ አልኩ። እያሰብኩ አዲሷን እንጨት ሠራሁ። ስጨርስ ጊዜው ሄዶ ነበር።»

«እጃቸው ተንቀሳቀሰ» አሉ ፕሩዊት።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

ፕሩዊት የራሳቸውን ሪባን በትከሻቸው ላይ አሳልፈው አወለቁ፤ የት እንደሚያስቀምጡት ግን ጠፋቸው። «እኔ ነኝ ቢላውን የሰጠሁህ» አሉ በመጨረሻ። «ጥብቅ መሪ ነው እያልኩ በየስብሰባው አሞገስኩህ። ሃራልድ ይቅር ሲል እንቢ አልኩ። ኦውን፣ ስምህንም በስልክ አጠፋሁት።»

ኦውን አሁንም ዝም እንዳለ ነበር። ዶሪን አየችው፤ ጋሬትንም አየች።

«እስካሁን አልፈታሃቸውም፤ ነው? ዝምታውን የሚፈታው አለቃው ነው።»

ጋሬት አንገቱን አቀርቅሮ «ተፈታችኋል» አለ፤ ድምፁ አልወጣም ማለት ይቻላል።

ኦውን ጉሮሮውን ጠረገ። ቀኑን ሙሉ ያልተናገረ ድምፅ ሻካራ ነው።

«‹ሚስተር ስተነሩድ› ብቻ ነበር ያልኩት። ቢላውን አወጣህ። የቀረው፣ ‹ከታች ናቸው፤ መሰላሉን አትውሰዱ› ነበር።»

ከዚያ አለቀሰ። ቤቭ ሹካ የሰበሰበችበትን እጅ ሽርጧ ውስጥ ከተተች፤ ልታቅፈው ፈልጋ ፈራች። ውጭ መኪና ሲቆም ተሰማ፤ እናቱ «ኦውን! ኦውን!» እያለች በሩን ሳትዘጋ ወረደች። ልጁም እየሮጠ፣ እያለቀሰ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ እየተናገረ ወጣ። እናቱ አንድም ጊዜ ዝም በል አላለችውም።

ዶሪን ጋሬትን ይዛ ልትወጣ ስትል ዴዝመንድ ከወንበሩ ተነሣ። ቀኑን ሙሉ ያስተዋለው ሰው አልነበረም።

«እኔ የመሰላሉን ሌላ ጫፍ ነበር የያዝኩት» አለ። «ኦውን ያለውን ሰምቻለሁ። ኳኳታውንም ሰምቻለሁ። ከጣራችን አለመሆኑን አውቄ ነበር።»

አንገቱ ላይ ያለችውን የጥድ እንጨት በጣቱ ዳበሳት። ንጹሕ ነበረች፤ አንድም ጭረት አልነበራትም። ሰው እንዳያያት በጡጫው ውስጥ ጨበጣት።