ትንሽ አሟታል

«ጋቢና አልፈልግም» አለች ባንቺዓለም። «ጭነቱ ላይ እቀመጣለሁ። ከዚህ በፊትም ተቀምጬ አውቃለሁ።»

ሹፌሩ በላቸው ከቀዩ ፊያት በር አጠገብ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። «ስለ ጋቢና ማን አወራ?» አላት።

«ቦታ የለም ስላሉኝ ነዋ።»

«ለአንቺ የለም አልኩ እንጂ ቦታ የለም አላልኩም።»

ይህን ብሎ ወዲያው የቆጨው ይመስል ፊቱን አዞረና ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ባንቺዓለም ግራ ገባት። ከኋላዋ ሁለት ሰዎች ከጨው ጆንያዎቹ ላይ ወጥተው ተመቻችተዋል። ከመካከላቸው ባርኔጣ ያደረገው ሰው ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋላት።

«ነይ እንጂ፣ ያዥ!»

«ተዋት አንተ!» ብሎ ጮኸበት በላቸው። «በማታውቀው አትግባ!»

«ምነው፣ ጨውህን ትልስብኛለች ብለህ ነው?» አለ ሰውየው። ጓደኛው ሳቀ። በላቸው ግን አልሳቀም፤ ከባንቺዓለም ራስ በላይ አሻግሮ ሌላ ሰው ያይ ነበር። ዞር ስትል አክስቷ ወይዘሮ አሰጋሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ክንዷን ያዟት።

«ነይ ልጄ። ነገ ሌላ መኪና አለ።»

«ነገ መኖሩን በምን ያውቃሉ እትዬ? ሰማዩን አያዩትም?»

ሰኞ ነው፤ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። ሰኔ ገብቷል፤ ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ዝናብ ከጠገበ መስከረም እስኪጠባ መኪና አያሳልፍም። አውቶቡስ የሚባል በዚያ በኩል የለም። በበጋ በሳምንት ሦስት ወይም አራት የጭነት መኪና ያልፋል፤ በክረምት ያለው እግር ነው። ይህን ቢቸና ውስጥ የማያውቅ የለም። ፊያቱ ጥቁር ጭስ ለቆ ሲሄድ ባንቺዓለም ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ከዓይኗ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አየች።

ደብዳቤው የደረሳት ቅዳሜ ነበር። የስልኩ ምሰሶ በዝናብ ወድቆ ከሞጣ ጋር መነጋገር ካልተቻለ አሥር ቀን አልፎታል። ስለዚህ ወረቀቱን ያመጣው አንድ በቅሎ ነጂ ነው። የጻፉት ሞጣ ያሉት ጎረቤታቸው አለቃ ገብረ ኪዳን ናቸው፤ እናቷ መጻፍ አትችልም። ከሰላምታው በኋላ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነበር። «እናትሽ ትንሽ አሟታል። ቶሎ ድረሽ።»

ባንቺዓለም ጮክ ብላ ስታነበው ወይዘሮ አሰጋሽ የያዙትን ስፌት አስቀመጡ።

«ትንሽ ነው የሚለው?»

«አዎ፤ ትንሽ አሟታል ነው የሚለው።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። አክስቷ ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ጎረቤት ሄዱ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ባንቺዓለም ጉንፋን የያዛቸው መሰላት።

አባቷ ከሞተ ጀምሮ አክስቷ ዘንድ ሆና መማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ካለቀ ገና ሳምንቱ ነበር። እናቷ ፋንታነሽ ሞጣ ላይ ብቻዋን እየፈተለች ትኖራለች። የታመመች እንደሆነ ውኃ የሚያቀብላት ሰው የለም። ባንቺዓለም ቀንና ሌሊት የምታስበው ይህን ነበር፦ ውኃውን ማን ያቀብላታል?

ማክሰኞ ዕለት ለመንገድ ልኬታ የመጡ ሰዎች ላንድሮቨር ወደ ሞጣ እንደሚሄድ ሰማች። ሮጣ ደረሰች። ሹፌሩ የጸጉሩ ቅባት የሚያብለጨልጭ የከተማ ሰው ነው።

«የመንግሥት መኪና ሰው አይጭንም» አላት።

«ያ በግስ?» አለች። ከኋላ ወንበር ላይ እግሩ የታሰረ በግ ተጋድሞ ነበር።

«በግ ሰው ነው እንዴ?»

ላንድሮቨሩ ሲሄድ በጉ በመስኮቱ በኩል ያያት ነበር።

ረቡዕ ለአክስቷ ሳትናገር ጎህ ሲቀድ ወጥታ ከከተማው ዳር መንገዱ ላይ ተቀመጠች። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ከደጀን በኩል አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና መጣ። ሹፌሩ የማታውቀው፣ እሷንም የማያውቃት ሽማግሌ ነበር፤ ምንም ሳይጠይቅ «ውጪ» አላት። ባንቺዓለም ከቆርቆሮው ክምር ላይ ተቀምጣ ቢቸና ወደ ኋላ ስትቀር ስታይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላት። ማታ እናቷ ቤት ነች። እሳት ታነድድላታለች። ያመማትን ቦታ በሞቀ ጨርቅ ትይዝላታለች።

አንድ ሰዓት ሳይሄዱ መኪናው ሰጠመ። የኋላው ጎማ ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ እስከ ግማሹ ገባ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ገፋ፤ ድንጋይ ተለቀመ፤ ቅርንጫፍ ተቆረጠ። ባንቺዓለምም ገፋች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ገፍተው መኪናው ሲወጣ አፍንጫው ወደ ቢቸና ዞሮ ነበር።

«በቃ» አለ ሹፌሩ ፊቱን እየጠረገ። «ከእንግዲህ እስከ መስከረም በዚህ የሚያልፍ መኪና አለ ብሎ የሚነግርሽ ካለ ይዋሻል።»

ከከተማው መግቢያ ላይ ስትወርድ ጓደኛዋ ይርጋነሽ እንስራ አዝላ ከምንጭ ስትመለስ አገኘቻት።

«ውይ! ከጅብ ጋር ነው የታገልሽው?»

«ከኤንትሬ ጋር።»

«ሰፈሩ ሁሉ ሲፈልግሽ ዋለ እኮ! አክስትሽ የሚሆኑትን አጥተዋል።»

«ሞጣ ልሄድ ነበር። ነገም እሞክራለሁ።»

«በናትሽ ተይ አሁን፣ እንዲህ ሆነሽ…» አለችና ይርጋነሽ ድንገት አፏን በእጇ ያዘች።

በናትሽ የሚለውን ቃል ሁለቱ በቀን መቶ ጊዜ ይሉታል። በናትሽ ደብተርሽን አውሽኝ፣ በናትሽ አታስቂኝ። ማንም ስላለው አፉን ይዞ አያውቅም። ባንቺዓለም ጓደኛዋን ትኩር ብላ አየቻት።

«ምነው?»

«ምንም።»

«ይርጌ። ምን ሆነሻል?»

«እኔ አልነገርኩሽም እሺ? እማዬ ትገድለኛለች።» ይርጋነሽ እንስራውን አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች። እንባዋ መጥቶ ነበር። «አጎትሽን ከየጥኖራ አስጠርተዋል። እሳቸው ሲደርሱ በጠዋት ሊያረዱሽ ነው። ለሹፌሩ ለበላቸውም ተነግሮታል። መንገድ ላይ ከማታውቀው ሰው ብትሰማው ከጭነቱ ላይ ትወድቃለች ብለው ነው።»

ባንቺዓለም ደብዳቤው አሁን ገባት። ባለፈው ዓመት የጎረቤታቸው ልጅ ከደሴ «አባትህ ትንሽ አሞታል» ተብሎ ተጽፎለት መጥቶ ነበር። ሰው ሞተ ተብሎ አይጻፍም፤ ታሟል ተብሎ ነው የሚጻፈው። ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እህል ውኃ ቀምሶ ካደረ በኋላ፣ በማለዳ ይነገረዋል። ያን ጠዋት ፊቱን የሚያስታጥቡበትን ውኃ ያቀረበችው እሷ ነበረች። ይህን ሁሉ እያወቀች የራሷን ደብዳቤ እንደተጻፈው አንብባዋለች።

ቤት ስትገባ ወይዘሮ አሰጋሽ ፊቷን ብቻ አይተው አወቁ። «ማን ነገረሽ?» አሉና ደረታቸውን መቱ። ሴቶቹ ከየቤቱ መጡ፤ ቀድሞውንም ተዘጋጅተው ሲጠብቁ የከረሙ ይመስሉ ነበር። አንደኛዋ መቀስ አምጥታ የባንቺዓለምን ጸጉር ከሥሩ ከረከመችው። ባንቺዓለም ጸጉሯ ጉያዋ ላይ ሲወድቅ እያየች አለቀሰች። ከሁሉ የከፋባት እናቷ ስትሞት አጠገቧ ማን እንደነበረ አለማወቋ ነው።

ሐሙስ ጠዋት አጎቷ አቶ ይርሳው ደረሱ። ከየጥኖራ በእግራቸው ነበር የመጡት፤ እሳቸውም መኪና አጥተው ሦስት ቀን ቆይተዋል። እህታቸውን እየጠሩ አለቀሱ፤ ቤቱ እንደገና ታመሰ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የሞጣዋ ቅቤ ነጋዴ ሙሉዬ አህዮቿን እየነዳች በደጃፉ አለፈች። ልቅሶ ሰማች። ሰው ልቅሶ ቤት ሲገባ ማን እንደሞተ አስቀድሞ አይጠይቅም፤ እያለቀሰ ነው የሚገባው። ሙሉዬም አለንጋዋን ከደጅ አስቀምጣ፣ «ወይኔ፣ ወይኔ» እያለች ገባች። ከልቧ አለቀሰች። ከተቀመጠች በኋላ አጠገቧ ወዳለችው ሴት ዘንበል ብላ ጠየቀች።

«ማን ነው እህቴ ያረፈው?»

«የሞጣዋ ፋንታነሽ። የዚህች ልጅ እናት።»

«የትኛዋ ፋንታነሽ?»

«ፈታዪዋ። የአለቃ ገብረ ኪዳን ጎረቤት።»

ሙሉዬ ብድግ አለች። «ኧረ በስመ አብ! ሰኞ ጠዋት እኔው አናግሬያት ነው የወጣሁት!»

ታለቅስ የነበረች አንዲት አሮጊት ደረቷን ልትመታ እጇን እንዳነሳች ቀረች።

«አልጋ ላይ ናት» አለች ሙሉዬ። «ጎኗን ይዟታል፣ ከስታለች። ግን ትናገራለች። እንዲያውም ‹ቢቸና ስትደርሺ ልጄን ምነው ዘገየሽ በይልኝ› ብላኛለች።»

«ታዲያ ለምን ትንሽ አሟታል ብለው ይጽፋሉ?» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ።

«ትንሽ አሟት ነበራ!»

ሙሉዬ ዙሪያዋን አየች፤ የባንቺዓለምን የተከረከመ ጸጉር አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔማ መኪና ጠፍቶ ነው የቀረችው ብዬ ነበር። ሰኞ ከሰዓት ግን ጉንደ ወይን ሳልደርስ አንድ ቀይ ፊያት አልፎኛል። ጨው የጫነ። ምንም ሳይቸገር ነው ወደ ሞጣ የሄደው።»

ወይዘሮ አሰጋሽ ወደ ባንቺዓለም መጥተው ፊቷ ተንበረከኩ። «እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ…» አሉና መጨረስ አቃታቸው። ባንቺዓለም ልትቆጣቸው ፈለገች፤ አልቻለችም። ልታቅፋቸውም አልቻለችም። ትልቅ ሰው ፊቷ ተንበርክኮ አይታ አታውቅም ነበርና ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እናቷ በሕይወት አለች። ነገር ግን ሰኞ ያናገረቻት ሰው ሐሙስ ነው የደረሰችው፤ ሦስት ቀን ሙሉ አልፏል። ፊያቱ ሰኞ ሞጣ ገብቷል። ባለ ባርኔጣው ሰውዬ እጁን ዘርግቶላት ነበር።

አቶ ይርሳው ወጥተው መኪና ጠይቀው ተመለሱ። «የለም» አሉ። «የመጨረሻው ኤንትሬም ወደ ደጀን ተመልሷል። በቅሎም ጠይቄ ነበር፣ አልተገኘም።» ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸው አብጦ ነበር። «ጠዋት በእግር እንወጣለን። ዛሬ ከዚህ አልንቀሳቀስም ልጄ፣ እግሬን እይው።»

«እግር ነው እንጂ መኪና መቼ አለ» አሉ አሮጊቷ። «ነገ በማለዳ ይሻላል። ዛሬ ዝናቡም አይቀርም።»

ሁሉም ተስማሙ። ባንቺዓለም ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። የቀረ ቆሎ በጨርቅ ቋጠረች። ከአክስቷ ሣጥን ነጭ ሻሽ አውጥታ አንድም ጸጉር ሳይታይ ራሷን አሰረችበት። እናቷ የልቅሶ ጸጉሯን እንድታይባት አልፈለገችም። ከዚያ ከአጎቷ ፊት መጥታ ቆመች። ለትልቅ ሰው እምቢ ብላ አታውቅም።

«እርስዎ ነገ ይምጡ» አለች። «እኔ አሁን እሄዳለሁ።»

«መንገዱን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

አቶ ይርሳው አዩዋት። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ እያቃሰቱ፣ ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ።

ሐሙስ ማታ ደብረ ወርቅ አደሩ። አርብ ወንዝ ሞልቶባቸው ግማሽ ቀን ዳር ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ሞጣ የገቡት ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ፋንታነሽ አርብ ጠዋት አርፋ፣ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ጊዮርጊስ ተቀብራ ነበር።