የሚከፈተው ጣሪያ

ጋሼ ፉፋ በክፍቱ በር ወደ ማዶ ከዞረው ቴሌስኮፕ ዓይናቸውን አነሱ፤ በመሐረብ ጠረጉና እንደገና አጎነበሱ።

«ዛፉ ሥሩ ወደ ላይ ነው» አሉ። «ያቺ ሴትዮም በጭንቅላቷ ነው የምትሄደው።»

ዲሪቤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ኪሷ ውስጥ አውራ ጣት የምታህል የነሐስ ቱቦ አለች፤ ምስሉን የምታቃናው እሷ ናት። ለኮከብ ላይና ታች ስለሌለው አባቷ ነቅሎ ሳጥን ውስጥ አስቀምጧት ነበር። ዛሬ ጠዋት ዲሪቤ አንስታ ኪሷ ስትከታት ምን ልታደርጋት እንደሆነ አላሰበችም።

አባቷ ሰቦቃ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር። ቴሌስኮፑን የገዛው ጎሬ ላይ ሱቁን ዘግቶ ከሚሄድ ግሪካዊ ነው። ጣሪያው በገመድ እየተሳበ የሚከፈት ቆርቆሮ ቤትም ጓሮው ውስጥ ሠራለት። ሐሳቡን ያገኘበት መጽሔት እንዲህ ያለ ቤት የሚሠራው በረሃ ላይ ነው ይላል። መቱ ደግሞ ይዘንባል። ጎረቤቶች፣ ሰቦቃ ለዝናቡ በር ሠራለት እያሉ ይስቁ ነበር። ዲሪቤ በአባቷ ለቅሶ ቀን የድንኳኑ ገመድ በየትኛው ካስማ እንደታሰረ ታስታውሳለች፤ ማልቀሷን ግን አታስታውስም።

ጋሼ ፉፋ ከቡሬ የመጡት ቡናቸውን የሚበላውን ጦጣ ከሩቅ የሚያዩበት መሣሪያ ሊገዙ ነው። ቤቱ ደግሞ አሁን የሚኖረው በእናቷ ስፌት ነው።

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ አባትሽ አገሩን ሲያይ የኖረው ተዘቅዝቆ ነው እንዴ?» አሉ እየሳቁ። ጥቁር ልብሷን ሲያዩ ሳቁን ተዉትና ባርኔጣቸውን አነሱ።

እናቷ እታፈራሁ ወደ እሷ ዞረች። «ዲሪቤ፣ ተሰብሯል እንዴ?»

አዎ ብትል ያበቃል። ጋሼ ፉፋ ይሄዳሉ፤ ቴሌስኮፑ ይቀራል። ዲሪቤ የእናቷን ጣት አየች። መርፌ የወጋጋው ጫፍ በጨርቅ ታስሯል።

«አልተሰበረም» አለች። «የሚያቃናው እኔ ጋ ነው። ግን ጋሼ፣ ሳልገጥመው አንዴ ልይበት።»

ቴሌስኮፑን በግማሽ በተከፈተው ጣሪያ በኩል ወደ ምዕራብ አዞረችው። የጠዋቷ ጨረቃ ገና አልጠለቀችም። ግማሽ ናት፣ ነጭ፣ ከአባቷ ጋር እንደለመደቻት የተገለበጠች። ሳትነካው ጠበቀች፤ ጨረቃዋ ቀስ እያለች ተንሸራታ ከመስታወቱ ወጣች።

ከዚያ ቱቦዋን ገጠመች። ጋሼ ፉፋ ማዶ ያለውን ዛፍ አይተው፣ አሁን ልክ ነው አሉ።

ቴሌስኮፑን አሸክመው ሲወጡ እናቷ ልትሸኛቸው ተከተለች። በቡሬ በኩል ደመና እየመጣ ነበር። ዲሪቤ ባዶውን ወለል አየች፤ ዝናብ የሚያበላሸው ነገር አልቀረም። ገመዱን ስባ ጣሪያውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።