ዓይን ያላየውን አፍ ሲመሰክር

ካናኤ እንቅልፍ ካጣች ሁለት ቀን ሆኗታል። በሚናሴ፣ በዚያች የጃፓን የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ የደም ማጣሪያ ማሽን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። የሥራ ጓደኛዋ ስለታመመች የሁለት ሰው ሥራ በእሷ ወገብ ላይ ወድቋል።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ፉሚኤን ከቀዶ ጥገና አመጡላት። አንጀታቸው ተበስቶ የጀርም መርዝ ደማቸው ውስጥ ገብቷል፤ የደም ግፊታቸው መድኃኒት እየተሰጣቸው እንኳ ቁልቁል ይወርዳል። ደማቸው ከሰውነታቸው ወጥቶ፣ መርዙን በሚይዝ ማጣሪያ አልፎ እንዲመለስ ታዘዘ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን የሚያውቅ የለም።

ልጃቸው ጁንጎ ባቡር ነጂ ነው። ከሥራው በቀጥታ መጥቶ የባቡር ነጂ ልብሱንና ነጭ ጓንቱን እንኳ አላወለቀም። ምናልባት መሰናበቻው ይሆናል ብለው አልጋው አጠገብ አቆሙት።

ካናኤ እንደ ሥራዋ ደንብ፣ ባቡር ነጂዎችም እንደሚያደርጉት፣ እያንዳንዱን ነገር በጣቷ እየጠቆመች ጮክ ብላ ጠራች።

«መውጫ ቱቦ፣ ደህና! ማጣሪያ፣ ደህና! መመለሻ ቱቦ፣ ደህና!»

እጇ ወደ ማስነሻው ሄደ።

«ይቆዩ፣ ወይዘሪት» አለ ጁንጎ። «የመጨረሻውን አላዩትም።»

ደሟ ፈላ። «እኔ ባቡርዎ ላይ ወጥቼ ‹መብራቱን አላዩም› እልዎታለሁ?»

«ቢሉኝ ደስ ይለኛል። ጣትዎ ጠቆመ፣ አፍዎ ጠራ፣ ዓይንዎ ግን ተከድኖ ነበር።»

ዞራ አየች። የመመለሻው ቱቦ መቆንጠጫ እንደተዘጋ ነው። አስነስታው ቢሆን ማሽኑ ጮኾ ይቆማል፣ ደሙ ማጣሪያው ውስጥ ይረጋል። ወይዘሮ ፉሚኤ ደግሞ ሌላ ማጣሪያ እስኪዘጋጅ የሚጠብቁበት አቅም አልነበራቸውም።

ክው አለች። መቆንጠጫውን ከፈተች፤ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ እያየች፣ ደግማ ጠራች። ደሙ መዞር ጀመረ።

ካናኤ ዓይኗን ከግፊት መለኪያው ላይ አላነሳችም። በኋላ ስድሳ ስድስት የነበረው ግፊት ሰማንያን ነካ። ማጣሪያው ይሁን መድኃኒቱ፣ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

«አምና እኔም ‹ጣቢያ፣ ደህና!› ብዬ ጣቢያውን አለፍኩት» አለ ጁንጎ ቀስ ብሎ። «ሦስት አሮጊቶች ዱባቸውን ታቅፈው ቀሩ።»

ሳትወድ ሳቀች። «ምን አደረጉዎት?»

«ሁለት ወር ባቡር ሳጥብ ከረምኩ። የእርስዎ ነገር ግን ከአፌ አይወጣም።»

«ከእኔ አፍ ይወጣል!» አለች። «የሰው ምሕረት ተሸክሜ አልዞርም።»

እንዳለችውም ስህተቷን ጽፋ ለአለቃዋ ሰጠች። አለቃዋ ከሌላ ሆስፒታል ሰው አስመጥቶ እሷን አንድ ሳምንት ከማሽኑ አራቃት፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ቱቦ ስትቆጥር ሰነበተች። ጁንጎ በየቀኑ እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ አያገኛትም፤ እሱን የሸሸችው መሰለው።

በስድስተኛው ቀን ወይዘሮ ፉሚኤ ትራስ ተደግፈው መቀመጥ ቻሉ። ካናኤ ገብታ ጎንበስ አለች። «እናቴ፣ በእኔ ስህተት ሊሞቱ ነበር።» አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«ልጄ ነው ያየሽ?»

«አዎ።»

«ተናገረሽ?»

«በደንብ አድርጎ።»

ሴትዮዋ የሆዳቸውን የቀዶ ጥገና ስፌት በእጃቸው ይዘው ሳቁ። «ሦስት ልጃገረድ አስተዋውቄው ሦስቱም ‹ድዳ ነው› ብለው ሄዱ። በይ፣ በሩ ላይ ቆሞልሻል። አፉ ተመልሶ ሳይዘጋ ያዢው፤ እኔ ገና ነኝ፣ አልሞትም።»

ሰዓቱ ገና እኩለ ቀን ነበር። ካናኤና ጁንጎ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ የኑድል ሾርባ ቤት ገቡ።

«የሸሸሽኝ መስሎኝ ነበር» አለ።

«ቱቦ ስቆጥር ነበር፣ አንተ ሞኝ። ለመሆኑ በእነዚህ ቀናት እንቅልፍ አግኝተሃል?»

 ሾርባው ሳይደርስ ጁንጎ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ሳህኖቹን አምጥቶ ሊቀሰቅሰው ሲል ካናኤ ዓይኗን አፈጠጠችበት። «ይተዉት!»

«ኑድሉ ያብጣል እኮ።»

«ይበጥ።»

ካፖርቷን አጥፋ በራሱና በግድግዳው መካከል አስገባችለት። ከዚያ የራሷን ሳህን ሳበች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ሳትጣደፍ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ በላች።