የወንድሟ ደም

ጉም ከዛፍ ወደ ዛፍ በሚሻገርባት በሪራ መንደር፣ ከሐረና ጫካ ጥግ፣ የአቶ ባዳሳ ቤት ሳቅ የማይጠፋበት ቤት ነበር። ባዳሳ ከረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ ሰቅለው ማር የሚቆርጡ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሞሚና ደግሞ ከጓሮ ቡና የማይለዩ ሰዎች ነበሩ። ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ ሰቢሪናና ታናሿ ዓብዱልፈታሕ። እህትና ወንድም እንዲያ ሲዋደዱ ማን አይቶ ያውቃል? ሰቢሪና የላቦራቶሪ ሙያ ልትማር ወደ ሮቤ ስትሄድ፣ ፈታሕ መለየት አቅቶት አብሯት ተሳፍሮ እስከ ሳነቴ አምባ አናት ወጣ። እዚያ ብርዱ ላይ ወርዶ እያለቀሰ በእግሩ ተመለሰ!

ምነው ነገሩ ሁሉ በዚያ በቆመ! አቶ ባዳሳ ማሳል ጀመሩ። ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል፤ ዛፍ ላይ መውጣቱ ቀርቶ ደጃፍ መድረስ አቃታቸው። ሐኪም ቤት ተወስደው «አስም ነው» ተባለና ስቴሮይድ የሚባል ኪኒን ታዘዘላቸው። ለዕረፍት ቤት የነበረችው ሰቢሪና በየቀኑ በእጇ ታጎርሳቸው ነበር። ሦስት ቀን ቀለል ሲላቸው ቤቱ በደስታ ተሞላ። ከዚያ በኋላ ግን... ሆዳቸው ተነፋ፤ ትንፋሻቸው አጠረ፤ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ይቅርብኝ» ቢሉም እሷ «አባ ኮ... አባቴ፣ ጀምረው አይተዉም» እያለች አባበለቻቸው። በሦስተኛው ሳምንት ደም እያሳሉ አረፉ።

ፈታሕ ከቀብር መልስ፣ ለቀስተኛው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ጣቱን ወደ እህቱ ቀሰረ።

«በቃኝ ሲልሽ ያጎረስሽው አንቺ ነሽ! አባቴን የገደልሽው አንቺ ነሽ!»

አራት ዓመት! አራት ዓመት ሙሉ ወንድም እህቱን አላናገራትም። ለኢድ ስትመጣ እሱ ጫካ ይገባል። እናት በሁለቱ መካከል ቆመው በሁለት ዓይናቸው ለሁለት ልጆች አለቀሱ። አንድ ማሕፀን ያወጣቸውን እንዲህ የሚለያይ ምን ዓይነት ቀን ነው?

ሰቢሪና ተመርቃ ሮቤ በሚገኝ ላቦራቶሪ ተቀጠረች። አንድ ማለዳ ላቦራቶሪ ከሌለው የጎባ ክሊኒክ ከተላኩት የደም ናሙናዎች አንዱን በመስታወት ላይ ቀብታ፣ ቀለም አጠጥታ ማይክሮስኮፑን አስተካከለች። ወዲያው ዓይኗ ፈጠጠ። ብርቱካናማ ፍሬ ያቀፉ የሚመስሉት ነጭ የደም ሴሎች፣ ኢኦሲኖፊሎቹ፣ በጤነኛ ሰው ከመቶው አምስት እንኳን አይሞሉም፤ እዚህ ግን ሠላሳ አንድ! እንደገና ቆጠረች። ሠላሳ አንድ! እነዚህ ሴሎች እንዲህ የሚበዙት ብዙ ጊዜ ሰውነት ከትል ጋር ሲታገል ነው። ውጤቱን ልትጽፍ ወረቀቱን ገለበጠች።

ዓብዱልፈታሕ ባዳሳ። ዕድሜ ሃያ አራት። ሪራ። የተጠረጠረው በሽታ፦ አስም።

እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ። ጎባ ሆስፒታል ለሚሠራው፣ በትምህርት ላይ ሳለች ለምታውቀው ለዶክተር በእውቀቱ ደወለች።

«ዶክተር፣ ሳሉ እንደ አስም ነው፤ ኢኦሲኖፊሉ ግን ሠላሳ አንድ ነው። ትል ይሆን?»

«ከአፈር በእግር ቆዳ የሚገባ፣ ሰው ውስጥ ራሱን እየተካ ዓመታት የሚኖር ድቡልቡል ትል አለ፤ ስትሮንጂሎይድስ ይባላል። ሰገራ ላይ ተደጋግሞ ቢታይም ሊያመልጥ ይችላል። ከደሙ ላይ ያለውን ፈሳሽ ለይተሽ አዲስ አበባ ላኪ። ሰውነቱ በትሉ ላይ የሠራውን መከላከያ የሚፈልግ ምርመራ አለ። ብቻ... ስቴሮይድ አልተጀመረለትም አይደል?»

«ምነው?»

«ትሉ ካለ ያ ኪኒን የሰውነቱን አጥር ነው የሚያፈርሰው። ትሉ ሳንባ ሳይል አንጀት ሳይል ይወርራል፤ ሰውየው ይሞታል።»

ሰቢሪና ስልኩን እንደያዘች ግድግዳው ላይ ተደገፈች። አባቷ... ያ የተነፋ ሆድ... ያ ደም... እና በእጇ ያጎረሰችው ኪኒን! ፈታሕ እውነቱን ነበር እንዴ? ለማልቀስ ግን ጊዜ የት አለ? ናሙናውን አሽጋ ለአዲስ አበባ ላከች፤ ራሷ በሪራ የሚያልፍ መኪና ላይ ዘላ ወጣች።

ፈታሕን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እያቃሰተ አገኘችው። ከጎኑ ያው ኪኒን! ከተጀመረ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

«ወንድሜ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ይህን ኪኒን ሳትውጥ ከእኔ ጋር ጎባ እንሂድ!»

«ያኔ ዋጥ አልሽ፤ አባቴ ሞተ። ዛሬ ደግሞ አትዋጥ ትያለሽ» አላት ፊቱን ሳያዞር። «አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው?»

ሞሚና «ያ ረቢ! ልጄ፣ ስማት!» እያሉ እግሩ ላይ ወደቁ። አልሰማም። ሰቢሪና ያን ዕለት በመጣችበት ተመለሰች፤ የሚያሳምነው ማስረጃ ብቻ እንደሆነ ገብቷት ነበር። እያንዳንዱ ቀን እንዴት ይረዝም! ስልኳን ከእጇ ሳትለይ፣ ዱዓ ሳታቋርጥ አምስት ቀን ቆጠረች።

በስድስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ስልኳ ጮኸ።

«የዓብዱልፈታሕ ባዳሳ ናሙና... ፖዘቲቭ ነው። በጣም ከፍተኛ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች። በወንድሟ በሽታ የተደሰተች እህት! ግን ጠላቱ ስም አገኘ፤ ስም ያለው ጠላት መድኃኒትም አለው! ወዲያው እናቷ ደወሉ። «ልጄ፣ ወንድምሽ ወደቀ! ከደሎ መና በመጣ አይሱዙ ጭነነው ወደ ጎባ እየመጣን ነው...»

ሰቢሪና ውጤቱን አሳትማ ከሮቤ ጎባ በረረች። አይሱዙው ሆስፒታል ደጅ ሲደርስ እሷና ዶክተር በእውቀቱ ቃሬዛ ይዘው ቆመው ነበር። አክታው ተወሰደ። ማይክሮስኮፕ ስር ቀጫጭን ትሎች በሕይወት ይንፈራገጡ ነበር! «ደርሰሻል፤ አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ...» አለ ዶክተሩ፤ ስቴሮይዱን አስቁሞ ትሉን የሚገድለውን አይቨርሜክቲን ጀመረለት። ሁለት ቀን ሞትና ሕይወት ተናነቁበት። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ትኩሳቱ ወረደ፤ ፈታሕ ዓይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀ። ሞሚና እልል አሉ፤ የክፍሉ አስታማሚ ሁሉ አብሯቸው እልል አለ!

አምስተኛው ቀን ላይ ሰቢሪና አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። ዝም ማለት ትችል ነበር። ማን ይጠይቃታል? ግን አልቻለችም።

«ፈታሕ... የአባታችንም በሽታ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ኪኒኑ ነው የጨረሰው። ያልከው ልክ ነበር። በእጄ ነው ያጎረስኩት።»

ሞሚና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የፈታሕ እንባ በጆሮ ግንዱ ወረደ።

«ታውቂ ነበር?»

«ወላሂ፣ አላወቅኩም።»

«አንቺ ሳታውቂ ነው ያደረግሽው» አለ በደከመ ድምፅ። «እኔ ግን... እያወቅኩ ነው አራት ዓመት የቀጣሁሽ። እየወደድኩሽ... እያወቅኩ!» የከሳ እጁን ዘርግቶ ራሷን ወደ ደረቱ ሳበ። «ኦቦሌቲ ኮ... እህቴ... አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

ያን ጊዜ የተለቀሰው ልቅሶ በአባት ቀብር ላይ እንኳን አልተለቀሰም! ሞሚና ሁለቱንም አንድ ላይ አቅፈው እየሳቁ አነቡ። በማግስቱ እሳቸውም ክንዳቸውን ለምርመራ ዘረጉ፤ ያን የጓሮ አፈር በባዶ እግር አብረው ረግጠዋልና። ደሙን የቀዳችላቸው ልጃቸው ናት፤ እሳቸውም ላይ ትሉ ተገኘ፤ መድኃኒቱን ወስደው ዳኑ።

ወይ ቀደር፣ ወይ የአላህ ውሳኔ! ያው አንድ ምርመራ ልጁን አተረፈ፤ አባቱን ግን መልሶ አያመጣም። ሰው በፍቅር የዘረጋው እጅ ሞት ይዞ ሲገኝ ማን ይከሰስ? ባዳሳ ይህን ሳያዩ ሄዱ። ልጆቻቸው ግን አሁን ከአንድ ገበታ ይቆርሳሉ፤ የጠፋውን አራት ዓመት የሚመልስላቸው ባይኖርም፣ የቀረውን ዕድሜ ማንም አይነጥቃቸውም።